ሐይቁ የተገለበጠበት ሳምንት

ጊዜው መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። ደርግ እንደነበረ አውቃለሁ። ቤንዚን በኩፖን እንደነበረ፣ ከናዝሬት ለመውጣት ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጽፎ እንደሰጠኝም አውቃለሁ። የነቢያት ጾም ስለነበረ ወሩ ታኅሣሥ መሆን አለበት። ዓመቱ ላይ ግን ልጄ አልማዝ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ። ባሏ ሽፈራው ሁለታችንንም እያየ ይስቃል። «ታስሬ የነበርኩት እኔ፤ የምትጨቃጨቁት እናንተ» ይላል።

እኔ ናዝሬት ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ከባቡር ጣቢያ ገበያ፣ ከገበያ ባቡር ጣቢያ ስመላለስ ነው የኖርኩት። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ ጽሑፌ እዚህም እዚያም ቢጎረብጣችሁ እንደ ጋሪ መንገድ ቁጠሩት። የምጽፈው ያንን አገር በአውቶቡስ መስኮት አይተው ለሚያልፉ፣ ወርደው ግን ለማያውቁ ሰዎች ነው። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ውኃ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

ሰኞ

ጠዋት ጣቢያ ቆሜ መንገደኛ ስጠብቅ አንድ የባቡር ሠራተኛ ወደ ጋሪዬ ጠጋ ብሎ፣ «ከደብረ ዘይት ከልጅህ መልእክት አለህ። ባሏን ቀበሌ ወስዶታል፣ ቶሎ ድረስ ብላሃለች» አለኝ። ፈረሴን ለጎረቤት አደራ ሰጠሁ። የይለፍ ወረቀት እስኪጽፉልኝ ረፋዱ አለፈ። ከዚያ በሊቶሪናው ባቡር ሄድኩ።

ደብረ ዘይት ዛሬ ቢሾፍቱ የምንላት ናት። ከናዝሬት ትቀዘቅዛለች፣ ዛፏም ይበዛል። እኛ ናዝሬት አቧራ የምናይበት ቦታ ሁሉ እነሱ ውኃ ያያሉ። ሐይቆቿ ሜዳ ላይ የተኙ አይደሉም፤ ድስት ውስጥ እንዳለ ወጥ ከገደል በታች ነው ያሉት። ሽፈራው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር።

ሐይቁን ከማየቴ በፊት ሸተተኝ። ሰንብቶ የተሰበረ ዕንቁላል ይመስላል። አፋፉ ላይ ስደርስ የሐይቁ ዳር በነጭ ክር የተዘመዘመ መሰለኝ። ክሩ ዓሣ ነበር። ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ፣ አፋቸውን ከፍተው። ለወትሮው ሰማያዊ የነበረው ውኃ አጓት የመሰለ ቀለም ይዞ ተኝቷል። ቅዳሜ ሌሊት አጥንት የሚቆርጥ ብርድና ነፋስ ነበር አሉ። እሑድ ሲነጋ እንዲህ ሆኖ ተገኘ።

ቀበሌው የሽፈራውን ቤት ሲፈትሽ አንድ የጨርቅ ከረጢት የተወቀጠ ብርብራ አገኘ። ብርብራን ለማታውቁ፣ ዛፍ ነው። ፍሬው ተወቅጦ ከትንሽ ወንዝ ላይ ቢነሰነስ ዓሣውን አስክሮ ያንሳፍፋል። ቆላ ወርደው በዚህ የሚያጠምዱ አሉ። ለከብትና ለፈረስ መዥገርም ፍቱን ነው።

ከረጢቱ የኔ ነበር። መስከረም ላይ ፈረሴን ይዤ ልጠይቃቸው ስመጣ ለመዥገሩ ብዬ አምጥቼ፣ ግድግዳቸው ላይ ሰቅዬ የረሳሁት። አፉን በሰማያዊ ክር የሰፋሁት እኔ ራሴ ነኝ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ቀጭን ሰው ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።

«ይህን ያውቁታል አባባ?»

«ብርብራ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«አዩ! ራስዎ መሰከሩ። ሕዝቡ ጾም ይዞ ዓሣ በሚፈልግበት ሰዓት ሐይቁን መርዞ ገበያውን ሊያናጋ! ዓርብ ከሰዓት ወደ ላይ እናስተላልፈዋለን።»

የማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ያልተጠየቅሁትን ለምን እመልሳለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። «ወደ ላይ» የሚባለው የት እንደሆነ በዚያ ዘመን የነበረ ሁሉ ያውቃል። ወደ ላይ ሄዶ የተመለሰ ሰው ስም ጥራ ብትሉኝ ያን ጊዜ ቶሎ አይመጣልኝም ነበር።

ከሽፈራው ጋር በመስኮት አገናኙኝ። «አባባ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «አምና አንዲት ሴት መጥታ ጠርሙስ በገመድ እያሰረች እዚህ ሐይቅ ውስጥ ስታወርድ ጀልባ ቀዝፌላታለሁ። ‹ይህ ውኃ አንድ ቀን ይገለበጣል፤ ያን ቀን ዓሣው ያልቃል› አለችኝ። ውኃ እንጀራ ነው እንዴ የሚገለበጠው ብዬ ሳቅሁባት።»

«የት ትገኛለች?»

«ዝዋይ ነው የምሠራው ብላኛለች። የውኃዋ ልጅ ብለው ይጠይቁ፣ ሁሉም ያውቃታል።»

ስለ ከረጢቱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አልተናገረብኝም።

ማክሰኞ

አልማዝ በሶ ቋጥራ ሸኘችኝ። ሦስተኛ ልጇን አርግዛ ስለነበር ጎንበስ ማለት ከብዷት ጫማዬን ራሴ አሰርኩ። «ዓርብ ሳይሞላ አባዬ» ብቻ አለችኝ።

ሎንችናው ሞጆ ጣለኝ። ሞጆ መንገድ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ወደኔ አገር ወደ ናዝሬት፣ ሌላው ወደ ደቡብ። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ግራ ነበር የምታጠፈው። ያን ቀን ወደ ቀኝ ታጠፍኩ። አውቶቡስ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ሲመጣ መቀመጫ አልነበረም፤ አንዲት ነፍሰ ጡር የፓፓያ ቅርጫቷን ገፋ አድርጋ፣ «አባቴ፣ እዚች ላይ ይሁኑ» አለችኝ። እንዲህ አድርጌ በፓፓያ ሽታ ታጅቤ መቂን አለፍኩ። ሜዳው እየሰፋ፣ ግራሩ እየተራራቀ፣ ሰማዩ እየወረደ ይሄዳል። ናዝሬት ዙሪያዋን ኮረብታ ስላለ ሰማዩ ክዳን ያለው ነው፤ እዚያ ግን ክዳኑን ያነሱት ይመስላል። አንቀላፋሁ መሰለኝ፤ ስነቃ በስተግራ ዝዋይ ሐይቅ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቷል።

የዝዋይ ጋሪ ፈረሶች ከናዝሬቶቹ ይቀጥናሉ፤ ነጂዎቹ ግን ይዘፍናሉ። አንዱ እኔም ጋሪ ነጂ መሆኔን ሲሰማ ኪራይ አልቀበልም ብሎ አዴ ከድጃ የሚባሉ ሴት ቤት አደረሰኝ። አልጋ የሚያከራዩ፣ ምግብ የሚሸጡ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው ሴት ናቸው።

«አካም ጅርቱ? ደህና ነዎት? ከወዴት ነዎት አባቴ?» አሉኝ፤ ከዚያ ፈገግ ስል ጥርሴን አይተው፣ «አሃ፣ ናዝሬት። ጥርስዎ ተናገረ» አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ የውኃችን ነገር የናዝሬትን ልጅ ጥርስ ቡናማ ያደርገዋል። እሳቸውም ሲስቁ ግን ያው ነው።

«የእርስዎስ?» አልኳቸው።

«እኛማ ከናንተ ተምረን ነው!»

ዓሣ ጠብሰው ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን እናቴ ያላስለመደችኝን በሽምግልና አልጀምርም ብዬ ተውኩት። እሳቸው ምንም ሳይሉ ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ትንሽ ድስት አወረዱ።

«ይቺ የክርስቲያን የጾም ድስት ናት። ሥጋም ቅቤም ነክቷት አያውቅም። ማሉ ቢሉኝ እምላለሁ።»

በዚያች ድስት ሽሮ ሠሩልኝ። እስላም ሴት ለማያውቁት ክርስቲያን መንገደኛ ብለው ድስት ለይተው ማስቀመጣቸው እስከዛሬ ይገርመኛል። ስለ ውኃዋ ልጅ ስጠይቃቸው፣ «ሻላ ሐይቅ ናት። ሳምንቱን እዚያው ነው የምታድረው። ያቺ ልጅ ከሰው ይልቅ ከውኃ ጋር ነው የምትነጋገር» አሉኝ።

ረቡዕ

ሽንኩርት ሊጭን የሚወርድ ባዶ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ላንጋኖ ሐይቅ ሲታየኝ ወተት የገባበት ሻይ መሰለኝ። ሹፌሩን «ይህ ለምን እንዲህ ጠየመ?» ብለው፣ «እኔ የማውቀው የዘይቱን ቀለም ነው አባባ» አለኝ። አቢያታ ሐይቅ መገንጠያ ላይ አውርዶኝ ሄደ።

ከዚያ በእግሬ ሆንኩ። መንገድ ላይ ሁለት አህያ የሚነዳ አዛውንት አገኘሁ። ኦቦ ቱፋ ይባላሉ፤ የኔ እኩያ ናቸው። የውኃዋን ልጅ ጀልባ የሚቀዝፉት እሳቸው ኖረዋል! ስንቅ ሊያመጡ ወጥተው መመለሳቸው ነው። አምላክ አንዳንድ ጊዜ መንገድን በሰው አድርጎ ይልካል።

አቢያታ ዳር ስንደርስ መሬቱ እንደ ዱቄት ነጭ ነው፤ ከነጩ ባሻገር ውኃው፣ ውኃው ላይ ደግሞ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች ሮዝ ሆነው ቆመዋል። ሲነሡ ሰማዩ የተገላበጠ ነጠላ ጥለት ይመስላል። ጠምቶኝ ስለነበር ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ጠጣሁ። ወዲያው ተፋሁት! ሶዳ ነው፤ እጄም ሳሙና እንደነካ ሙልጭልጭ አለ።

ኦቦ ቱፋ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አባቴ፣ ይህንን በሬዎቼ እንኳ ሳያሸቱ አይጠጡትም!»

«ዝዋይ የጠጣሁት ጣፋጭ ነበር እኮ።»

«ዝዋይ ሌላ፣ ይህ ሌላ። ሐይቅ እንደ ወንድማማች ነው። አንድ እናት፣ ልዩ ልዩ ጠባይ።»

ከኮርቻው የኮዳ ውኃ ሰጡኝ። ሻላ ዳር ፍል ውኃ ላይ በቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ነክረው ቀቀሉልኝ። ያለ እሳት የበሰለ በቆሎ የበላሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ትንሽ ድኝ ድኝ ይላል።

እሷን ያገኘኋት ሻላ ላይ ነው። ሱሪ የለበሰች፣ ሰፊ የሰሌን ባርኔጣ ያደረገች፣ አጭር ሴት፤ ሠላሳን የተሻገረች ትመስለኛለች። ጉዳይ አለኝ ስላት፣ «ነፋስ ሳይነሣ ልጨርስ፤ ጀልባው ላይ ይንገሩኝ አባባ» አለች። ተሳፈርኩ። ውኃ ላይ ስሆን የመጀመሪያዬ ነው። ሻላ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ወደ ታች ስታይ ማየትህ ራሱ የሚሰምጥ ይመስልሃል። ኦቦ ቱፋ ይቀዝፋሉ። ጀልባዋ ትሄዳለች አልልም፤ ተራራዎቹ በቀስታ የሚዞሩብን ነበር የሚመስለኝ።

ከላይም ከታችም አፉ የተከፈተ ጠርሙስ በገመድ አወረደች። ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ ኧረ አያልቅም። ከዚያ አንዲት ትንሽ ብረት በገመዱ ላይ ለቀቀች።

«ይቺ መልእክተኛ ትባላለች» አለችኝ። «ወርዳ ስትመታው ጠርሙሱ ይዘጋል። የዚያን ቦታ ውኃ ብቻ ይዞ ይወጣል።»

ጠበቅን። መልእክተኛዋ በጨለማው ውስጥ ስትወርድ አሰብኳት። ከዚያ ገመዱ በጣቷ ሥር ትር አለ። ጠርሙሱን ጎትታ አውጥታ ከሥር የመጣውን ውኃ እጄ ላይ አፈሰሰችልኝ። ላይኛው ለብ ያለ ነበር፤ ይህ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ጀልባ፣ አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ውኃ።

«ጋሪዎ ላይ ሰው ሲሳፈር ከየት እንደመጣ ይለያሉ?» አለችኝ።

«በጫማው አቧራና በጓዙ።»

«ውኃም እንደዚያ ነው። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ምን ያህል ትሞቃለህ፣ ምን ያህል ጨው ይዘሃል? በሁለቱ አገሩን አውቃለሁ።»

ምጽዋ ተልካ መርከብ ላይ እንደሠራች አጫወተችኝ። ባሕር ከሩቅ አንድ ሜዳ ይምሰል እንጂ ፎቅ ነው አለች። ላይ ፀሐይ ያሞቀው፣ ከሥሩ ቀዝቃዛው፣ ከሁሉ በታች ደግሞ በዓለም ጫፍ በበረዶ አገር ቀዝቅዞና ከብዶ የሰመጠ ውኃ አለ። ሳይቀላቀሉ አንዱ በአንዱ ላይ ይሄዳሉ። ቀይ ባሕር ፀሐይ ስለሚመጠው ጨው ይበዛበታል፤ ከውቅያኖሱ ጋር በሚገናኝበት በሩ ላይ ቀለል ያለው ውኃ ከላይ ሲገባ፣ ጨዉ ያከበደው በዚያው ሰዓት ከሥር ይወጣል።

«እንደ ናዝሬት ገበያ በር» አልኳት። «የሚገባውና የሚወጣው ሳይጋጭ። ከታች ያለው ግን መቼ ነው ፀሐይ የሚያየው?»

«አንዳንዱ ብዙ መቶ ዓመት ይቆያል አባባ።»

የአያቴ አያት ሳይወለድ የሰመጠ ውኃ አሁንም በጨለማ እየተጓዘ ነው፤ የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ሳስብ የመጣሁበትን ረስቼ ነበር ብል አልዋሽም። ከዚያ የአልማዝ ድምፅ ትዝ አለኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት።

መቅዘፊያው ቆመ። «የደብረ ዘይቱ ሐይቅ ጨዉ ከላይ እስከ ታች ብዙ አይለያይም» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ለሁለት የሚከፍለው ሙቀት ነው። ሞቃቱ ቀላል ስለሆነ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ታችኛው ከአየር ተለይቶ ይኖራል፣ ይበላሻል። በታኅሣሥ ብርድ ላይኛው ሲቀዘቅዝ ይከብዳል። ነፋስ ሲጨመርበት ይደባለቃል፤ የታችኛው ይወጣል። ዓሣው የሞተው ታፍኖ ነው።»

«እንግዲያው መጥተሽ ንገሪልኝ ልጄ።»

ለረጅም ጊዜ ጠርሙሱን በጨርቅ ጠረገች። «የይለፍ ወረቀቴ ለሻላ ብቻ ነው። ሥራዬን ጥዬ፣ የቀበሌ እስረኛ ጉዳይ ውስጥ ብገባ…» አልጨረሰችውም። እኔም አልገፋኋት። በፈራበት ቦታ መገፋትን ፈረስ እንኳ አይወድም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ድንኳኗ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ፣ «ብርብራው የማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠርሙሷን እንደምትጠብቀው ጠበቀችኝ።

«የኔ ነው። አልተናገርኩም።»

አልወቀሰችኝም። «እንግዲህ ሁለታችንም የምንፈራው አለን» አለች፣ ወደ ውስጥ ገባች።

ሐሙስ

ስነቃ ኦቦ ቱፋ የእሷን ሣጥን አህያ ላይ እየጫኑ ነው። እሷም ለመንገድ ተነሥታለች።

መኪና ለማግኘት ቀትር ሆነ፤ ያገኘነውም ጎማው ፈነዳ። ሹፌሩ ጎማ ሲያጣብቅ እሷ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ታስብ ነበር። «ወረቀት አያምኑም፤ በዓይናቸው ማየት አለባቸው» አለችኝ። «ሕያው ዓሣ እንወስዳለን። የዚያ ሐይቅ ሳይሆን የሌላ።»

ዝዋይ አመሻሽ ላይ ደረስን። አጥማጆቹ ለማግሥቱ ጎህ ስድስት ሕያው ቆሮሶ ዓሣ ሊያመጡልን ቃል ገቡ። መያዣው ግን ቸገረ። አዴ ከድጃ ይህን ሲሰሙ ደህናውን ቢጫ ጀሪካናቸውን አምጥተው አናቱን በቢላ ገሸለጡት። በዚያ ዘመን ጀሪካን ማለት ንብረት ነው። «ኧረ ይተዉ!» ብንል፣ «ባሌ ይጮኻል፤ ይጩህ፤ ሳልቀድበትም ይጮኻል» አሉ።

ዓርብ

የውኃዋ ልጅ ቅል ሰጠችኝ። «እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ውኃው አየር የሚያገኘው በዚህ ነው። እጅዎ እንዳያርፍ አባባ። እጅዎ ካረፈ ይሞታሉ።»

ከዝዋይ ከተነሣን ጀምሮ እጄ አላረፈም። ጀሪካኑን በጉልበቴ መሃል ይዤ እቀዳለሁ፣ አፈሳለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት መጣና፣ «አባባ፣ ምን እየጠመቁ ነው? ሲደርስ ለኛም ይቅዱልን!» አለ። አውቶቡሱ ሁሉ ሳቀ። በአንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል ግማሹ ውኃ በአንዲት ሴት ቀሚስ ላይ ተደፋ። ጉዳያችን ሲነገራት ግን አልተቆጣችም፤ ለልጇ የያዘችውን የመጠጥ ውኃ ጨመረችልን። መቂ ላይ አንዱ ሞተ። ከመቂ ወዲህ ሁለተኛው። ቆቃ ስንደርስ ሦስተኛው ተንጋለለ። ክንዴ የኔ አልመስል አለኝ፤ ናዝሬት ፈረሴን ሳሽ ስውል እንዲህ ደክሞኝ አያውቅም።

ሞጆ ኬላ ላይ አስወረዱን። የእሷ የይለፍ ወረቀት ሻላ ይላል፤ እኛ ያለነው ሞጆ ነው። ወታደሩ ወረቀቷን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ጀሪካኑን አየና፣ «ይህ ምንድነው?» አለ።

«ዓሣ ነው ልጄ። እጄ ካረፈ ይሞታል።»

ጎንበስ አለ። «ሕያው ነው!» አለ፤ ፊቱ ተለወጠ። «እኔ የጣና ዳር ልጅ ነኝ። ከወጣሁ ሦስት ዓመቴ።» ጠመንጃውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ቅሉን ከእጄ ወሰደ፤ እየቀዳ ያፈስ ጀመር። እኔ ክንዴን አሸሁ። ውኃው ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር። አለቃው ከሩቅ ሲጠራው ቅሉን መለሰልኝና፣ «በሉ ሂዱ፣ እንዳይሞቱባችሁ» አለ። ወረቀቷን ማየቱን ረስቶት ነበር። ወይም አልረሳውም።

ደብረ ዘይት ስንገባ አራተኛውም ሞቶ ሁለት ዓሣ ቀርቶን ነበር።

እሷ በሽፈራው ጀልባ ወደ ሐይቁ መሃል ገብታ የሥሩን ውኃ አመጣች። ሙቀት መለኪያዋን ለሊቀመንበሩ አሳየችው። አምና የዚህ ሐይቅ ላይኛውና ታችኛው ውኃ የተለያየ ነበር፤ ያን ቀን ሁለቱም አንድ መስመር ላይ ቆሙ። «ተደባልቋል ማለት ነው» አለችው። እሱ ግን በመስመሩ አልተረታም። የቀበሌው ግቢ በሰው ሞልቶ ነበር።

የሥሩን ውኃ ባልዲ ውስጥ አፈሰሰች፤ ያው የዕንቁላል ሽታ። አንዱን ዓሣ ከተተችው። ወዲያው አፉን ወደ ላይ አውጥቶ አየር ይፈልግ ጀመር፣ ተንጋለለ። ፈጥና ወደ ጀሪካኑ መለሰችው። እኔ በቅሌ አገላበጥኩለት፤ ነፍሱ ተመለሰች።

«አዩት!» አለ ሊቀመንበሩ። «ውኃው መርዝ አለበት።»

«እሺ ጓድ። አሁን ይህንኑ ውኃ ከባልዲ ወደ ባልዲ ገልብጡልኝ፤ ሌላ ምንም አይጨመርበት።»

ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ይገለብጡ ጀመር። «ሻይ እያበረዱ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። «ዓሣውን ክርስትና ሊያነሡት ነው!» አለ ሌላው። ሲደክማቸው ሌሎች ተቀበሏቸው። ሽታው እየሳሳ ሄደ። ያንኑ ዓሣ መልሳ ከተተችው። ዋኘ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ። ሰዉ ወደ ባልዲው ተጠጋ።

«መርዝ በመገልበጥ አይወጣም» አለች። «የጎደለው አየር ነው።»

ሊቀመንበሩ ከረጢቱን አነሣ። «ብርብራም በመገልበጥ የሚወጣ ቢሆንስ? ማን ያውቃል?»

ብርብራ የእሷ ትምህርት አይደለም። ያልተነካ አንድ ዓሣ ቀርቷል። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ እሷም እኔም እናውቅ ነበር፤ ግን ወደኔ አላየችም። ለዚህ ነው እስከዛሬ የማከብራት።

«እኔ አውቃለሁ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ከረጢቱ የኔ ነው። ሰማያዊውን ክር የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ለፈረሴ መዥገር። ሽፈራው እጁ የለበትም።»

ከረጢቱን ከእጁ ተቀብዬ፣ ክሩን ፈትቼ ቁንጥር አደረግኩ፤ ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ላይ ነሰነስኩ፤ ሁለተኛውን ዓሣ ከተትኩት። ሰክሮ ተንሳፈፈ። «አሁን ገልብጡ» አልኳቸው። እስኪደክማቸው ገለበጡ፤ ዓሣው አልተነሣም። «ይህ ከረጢት ለባልዲ ነው ጓድ። ለዚያ ሐይቅማ የጭነት መኪና ሙሉ አይበቃውም። ከረጢቱን ደግሞ እናንተው ሞልቶ ነው ያገኛችሁት።»

«ሰኞ ለምን አልተናገሩም?»

«ፈራሁ።»

በሕይወት የቀረውን ዓሣ ሊቀመንበሩ ቆሞ አየው። አንድ የአየር ኃይል አውሮፕላን በላያችን አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «እኔንም ከላይ ይጠይቁኛል አባባ» አለ። ጮክ ብሎ ደግሞ፣ «ይህን በወረቀት አስፍሮ ማን ይፈርምልኛል?» አለ።

መፈረም ማለት ለእሷ ሻላ መሆን በሚገባት ቀን ደብረ ዘይት ነበርኩ ብሎ በራስ እጅ መመስከር ነው። ባርኔጣዋን አወለቀች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጻፈች። ስለ ብርድና ስለ ነፋስ፣ ስለ ላይኛውና ስለ ታችኛው ውኃ። ጨረሰችና ፈረመች። ለኔ አውራ ጣቴን የምነክርበት ቀለም አመጡልኝ፤ «ብዕር ስጡኝ» አልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ጽፌ የፈረምኩት እዚያ ወረቀት ላይ፣ ከእሷ ስም በታች ነው። እጄ ከቅሉ የተነሣ ዝሎ ነበርና ፊደሎቼ ጋሪ የሄደባቸው ይመስላሉ።

ሽፈራውን አመሻሽ ላይ ለቀቁት። ጢሙ አድጎ ነበር። ልጄ አልማዝ በሩ ላይ አየችው፣ ውኃ አሞቀችለት። የውኃዋ ልጅ ግን አልቆየችም። የመጨረሻው ሎንችና እንዳያመልጣት ብላ ሣጥኗን ይዛ ሮጠች። የተረፈውን ዓሣ ወደ ዝዋይ ልመልሰው ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ዝዋይ ሩቅ ነው። ውኃው ሲያገግም እዚሁ ይልቀቁት» አለችኝ። በመጋቢት ለቀቅሁት። እስከዚያ አልማዝ በርሜል ውስጥ አኖረችው፤ ልጆቿ በየጠዋቱ ውኃውን በቅል ይገለብጡለት ነበር።

በዓመቱ ዝዋይ ሄጄ ለአዴ ከድጃ አዲስ ጀሪካን ወሰድኩላቸው። የውኃዋ ልጅ ከኛ በተለየችበት በዚያው ወር ከዝዋይ ተነሥታ እንደነበር የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያለ ፈቃድ ሥራ ጥላ ሄደች ተብሎ፣ ለቅጣት ወደ ምጽዋ ተላከች አሉ፤ ሙቀቱ ሰው የሚጨርስበት። እኔ ግን ያ ሁሉ ባሕር፣ ያ ሁሉ ፎቅ ከሥሯ እያለ ቅጣት ይባላል ወይ ብዬ ማሰብ ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በዚያ ሳምንት ሁሉ ስሟን አልጠየቅኋትም ነበር። ሁሉም የውኃዋ ልጅ ይላታል፣ እኔም ልጄ እላታለሁ፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ስም መጠየቅ ራሱ ያስፈራ ነበር። ስሟን ያወቅሁት ያን ዓርብ፣ ከሥሩ ልፈርም ጎንበስ ስል ነው። ሊቀመንበሩ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ሰዉ ሁሉ እያየኝ፣ በመሠረተ ትምህርት በቆጠርኩት ፊደል አንድ በአንድ አነበብኩት። ጫልቱ በዳሳ ይላል።